ፔርላስ እስክታልቅ

ሰኞ፣ ኦገስት 11

የማታው ተከታታይ ድራማ ጀግና፣ ፔርላስ፣ ዛሬም ማንነቷን ረሳች። ሦስተኛዋ ነው! ጠጠር ግንባሯን መታት፣ ወደቀች፣ ተነሣች፣ "እኔ ማነኝ?" አለች። ባሕር የምትገለብጥ ጀግና በጠጠር ትወድቃለች? አምና እኮ እንዲህ አልነበረችም። የጆሮ ጌጧን ዞር አድርጋ ማዕበሉ ከኋላዋ ሲነሣ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር። አባቴ፣ ታታይማ፣ እንደ ሕፃን ያጨበጭብ ነበር።

ዛሬ ግን ከወንበሩ ሆኖ ለእናቴ ለናናይ፦ "ለልጅሽ ንገሪያት፤ ሪሞቱ ላይ ተቀምጣለች።"

አጠገቡ ነኝ። እጁን ቢዘረጋ ይነካኛል። ናናይ ከኩሽና ድረስ መጥታ "ዌንግ፣ አባትሽ ሪሞቱን ይልሻል" አለች። ሰጠኋት። ሰጠችው።

ከጁን ጀምሮ እንዲህ ነን። ጥፋቱ የእጮኛዬ የሮሜል ነው... የኔም ነው። ቀለበቱን ሲያጠልቅልኝ ጓደኛው ቀረጸን፤ ሮሜል ደስታው አናወዘውና ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ወላጆቹ ገና ምግባቸውን ይዘው ቤታችን መጥተው "ልጃችሁን ለልጃችን" ሳይሉ! ታታይ የሰማው ታክሲውን፣ ጂፕኒውን፣ በሚያቆምበት ተራ ላይ ነው፤ ሌላ ሾፌር ስልኩን እያሳየ "ኔስቶር፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጅህን ዳርክ አይደል!" ሲለው። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚያን ቀን እራት አልበላም።

ሮሜል ሁለቴ ይቅርታ ሊል መጣ። እንደ ወጉ የታታይን እጅ ተቀብሎ የራሱ ግንባር ላይ ሊያስነካ ጎንበስ ሲል ታታይ እጁን ኪሱ ከተተ።


ረቡዕ፣ ኦገስት 13

ናናይ ጨክና ጠየቀችው፦ የሮሜል ቤተሰቦች መቼ ይምጡ?

መልሱን የሰጠው ለቴሌቪዥኑ ነው። "ፔርላስ ሳታልቅ እዚህ ቤት እንግዳ አይገባም። በሰላም ልይበት።"

በሰላም! በየምሽቱ ሲራገም እየሰማነው። ደግነቱ በ29 ታልቃለች ተብሏል። ለሮሜል ደወልኩ። "እንግዲያው ለእሑድ፣ ለ31 አሳማውን ልዘዝ?" አለ። እዘዝ አልኩት። ሴቡ ደሴት ላይ ላገኘው ሥራ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ መገኘት አለበት፤ እኔም አብሬው። ያን ጊዜ ተጋብተን መሆን አለበት... እዚያ ሩቅ ነው፣ በመርከብ።


ዓርብ፣ ኦገስት 15

ፔርላስ ጦርነት መሃል ቆማ ቡና ጠጣች። ያ በፓኬት የሚሸጠው፣ ስሙ ወደ እኛ ዞሮ። ጠላቷ ዶን ሴቬሮ ከተማውን እያቃጠለ ነው፤ እሷ ዐይኗን ጨፍና "እንዴት ይጣፍጣል!" ትላለች።

ታታይ፦ "ጠጪ እናቴ፣ ጠጪ። የሚቃጠለው የደሃ ቤት ነው፣ ምን ቸገረሽ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ከንፈሩ ሊከፈት ነበር... ከዚያ ማኩረፉ ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ናናይ ታታይን ስትነዘንዘው ዋለች። "ትናንት ካርድ ሞላሁልህ፤ ዛሬ አለቀ? ማንን ነው የምታወራው?"

"የጂፕኒ ማኅበር ሥራ ነው።"

ማኅበሩ ዓመት ሙሉ ደውሎለት አያውቅም። ናናይ ጠቀሰችኝና "ኮረዳ ይዞ ይሆናል" አለች። በዚያ ሆዱ? እውነትም ግን ማንን ነው የሚያወራው?


ሰኞ፣ ኦገስት 25

ተራዘመ።

ተራዘመ!! እስከ ሴፕቴምበር 12። የጣቢያው አስተዋዋቂ ጥርሷን እያሳየች "በውድ ተመልካቾቻችን ጥያቄ" አለች። ከስር እየተንሸራተተ "ፔርላስ ትቀጥል? አዎ ብለው በስልክዎ ይላኩ" የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር የሚቆጥረው አይመስለኝም ነበር። ማነው አዎ ያለው? የምሠራበት ዳቦ ቤት የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እኮ ይረግማታል። ሒሳብ እየተቀበልኩ የምሰማው እሱን ነው።

ታታይ ከሁላችንም በላይ ጮኸ። "እብዶች! ይህን የሚልክ ሰው ጭንቅላቱን ይታይ!"

ሮሜል በስልክ፦ "አሳማውን ምን እናድርገው?"

"ይደልብ።"


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ሴፕቴምበር ገባ አይደል፣ እንደ ልማዱ ዳቦ ቤቱ ዛሬ የገና ዘፈን ከፈተ። ከጠዋት እስከ ማታ። እስከ ዲሴምበር ሊያሳብደን ነው።

ማታ ደግሞ ዶን ሴቬሮ ከመቃብር ወጣ። ፔርላስ ዓርብ ዕለት አቃጥላው፣ አመዱን ባሕር ላይ በትናው ነበር! ሱፉ እንኳ አልተጨማደደም። ታታይ አማተበና፦ "ጌታችን የተነሣው አንዴ ነው። ይሄ ሰውዬ ሦስቴ?"

ይባስ ብሎ የፔርላስ አባት ሆኖ ተገኘ። አባቷ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሊገድላት ሲያሳድዳት የኖረው። ከመጀመሪያው አስበውበት ከሆነ ምላሴን እቆርጣለሁ።

ይቺን ልጅ እኮ ወድጃት ነበር። ዓሣ እየሸጠች፣ እጇ እየሸተተ፣ ማንም ሳያውቃት ሰፈሩን ስትጠብቅ... ያቺን የት አደረሷት?


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

እንደገና። እስከ 26።

ሮሜልም ዛሬ ተቆጣ። "አባትሽ እያሾፈብን ነው፣ ዌንግ። ለአንድ የቴሌቪዥን ወሬ ብለን ዕድሜ ልካችንን እንጠብቅ? ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም፣ በቃ።"

"ታታይ ሳይመርቀኝ?"

"አያናግርሽም እኮ!"

ስልኩን ዘጋሁበት። ልክ ስለሆነ ነው የዘጋሁበት። እንግዲህ ሳያናግረኝ ልሄድ ነው? መርከቡ ላይ ስወጣ ለናናይ "ለልጅሽ ንገሪያት፣ በሰላም ትግባ" ሊል?


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ዝናብ። ልክ ፔርላስ ስትጀምር መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ "ኧረ!" አለ።

ሦስታችንም ባለንበት ጨለማ ውስጥ ቀረን። ናናይ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ታታይ በራሱ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

"እኔ ብሆን... የጆሮ ጌጧን አስጥላት ነበር። ባሕር ውስጥ። ከዚያ አንድ ሕፃን ሊሰጥም ነው፤ ጉልበት የላትም። ግን የዓሣ አጥማጅ ሰፈር ልጅ ናት፣ ዋና ትችላለች። ዘልላ ትገባለች። በቃ። እዚያ ላይ ይለቅ።"

እንዴት ያምራል! ለማን እንደሚያወራ አልተናገረም። ናናይ እያንኮራፋች ነው።

"ሴቬሮስ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"እሱማ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ መናገር አለበት። ያለበለዚያ ማን ያምነዋል..."

መብራቱ መጣ። አየኝ። ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 26

አለቀች። እግዚአብሔር ይመስገን... ይመስገን ልበል?

ታታይ ጂፕኒውን በጊዜ አቁሞ፣ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ። ናናይ ኦቾሎኒ ቀቀለች። እና ምን አየን? ፔርላስና ሴቬሮ ጣራ ላይ ቆሙ። እሷ እጇን አነሣች። እሱ አለቀሰ። ተቃቀፉ። ሙዚቃ። አለቀ። ያ ሁሉ የተቃጠለ ቤት፣ ያ ሁሉ ሬሳ... በእቅፍ!

ታታይ ብድግ ሲል ኦቾሎኒው ተደፋ።

"እንዴ! ምን አለችው? ምን አላት? አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይታረቃሉ? ያን ያህል ጊዜ ተቆራርጠው፣ አንድ ቃል! ይሄ ጸሐፊ ቤተሰብ የለውም? ሰው እንዲህ ነው የሚታረቀው?"

ናናይ ኦቾሎኒውን ከወለሉ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፦ "እውነትህን ነው። ሰው ይነጋገራል እንጂ።"

ታታይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ተቀመጠ። የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፣ ሄደ። ሌላ መጣ። እኔ ቀና ብዬ ማየት ፈርቻለሁ።

"ዌንግ።"

ስሜን ነው የጠራው። እሱ ራሱ።

"አቤት ታታይ።"

"ያ አሳማ ስንት ኪሎ ደረሰ?"

"እ... እኔ እንጃ። ሳይሰባ አይቀርም።"

"እሑድ ይምጡ።"

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ስጽፍ እንኳ እንባዬ አልቆም አለኝ። በዚያ የማይረባ መጨረሻ!


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ትናንት መጡ። የተጠበሰው አሳማ በሩ አላስገባው ብሎ በጓሮ ገባ። ሮሜል ጎንበስ አለ፤ ታታይ እጁን ሰጠው፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ አቆየለት። የሮሜል አባት ንግግር አዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሰዎቹ የፔርላስን ነገር አነሡና ቀረ። ሠርጉ ለኖቬምበር 15 ተቆረጠ። እሱንም ናናይ ናት በመሃል ያስቆረጠችው።

የሮሜል አባት የአሳማውን ቆዳ እየቆረጠመ፦ "ያራዘሟትን እኮ ነው ማሰር። 'አዎ' እያሉ የላኩትን!"

ታታይ ትን አለው። ውኃ ሰጠነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ ሳህን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጨርቅ አንሥቶ ያደርቅ ጀመር። ታታይ ሳህን ሲነካ አይቼ አላውቅም።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑ?"

"አዎ እያልኩ የምልከው። በየቀኑ።"

ሳህኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። "ታታይ! ያ ሁሉ ካርድ?... እርስዎ አይደሉም እንዴ እብዶች ሲሉ የነበሩት? ጠልተዋት የለም እንዴ?"

"ጠልቻታለሁ። ምን ይወደድላታል።" አንዱን ሳህን ደጋግሞ ያብሳል። "ካለቀች ግን አንቺም ትሄጃለሽ። እኔ እንደሆነ አኩርፌ አላናግርሽም። ያለችን እሷው ነበረች፤ አብረን የምንሰድባት።"

ልናደድ ፈልጌ ነበር። ከጁን ጀምሮ አንጀቴን አቃጥሎ! አልሆነልኝም። በሳሙና እጄ አቀፍኩት፣ ንጹሕ ሸሚዙን አበላሸሁት።

ዛሬ በፔርላስ ሰዓት አዲሱ ተጀመረ። የሚበር የጥርስ ሐኪም። ገና ከመጀመሪያው የማይረባ ነው። ታታይ እስከ ማስታወቂያው ድረስ አየና፦

"ሴቡ ይሄ ጣቢያ ይገባል?"

"ይገባል፣ ታታይ።"

"በዚሁ ሰዓት?"

"በዚሁ ሰዓት።"

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ በናናይ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእኔ ዘረጋልኝ።

"በይ ካርድ ሙዪልኝ።"