የጨረታ መዛኙ የሕይወት ታሪክና ሦስተኛው ቤት

ይህን በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሊጽፉ የተነሡት የሟች ልጆች ነበሩ። የሟችን ታላቅ እህት «አክስቴ፣ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ አንቺ አረፍ በዪ» አሏት። ፊደል ባትቆጥርም አፍ አላት። እሷ ትናገራለች፣ የልጅ ልጇ ትጽፋለች፤ የከፋው ጆሮውን ይድፈን።

ሟች ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። አዝላ ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው ናት፤ ትምህርት ቤት ያልገባችውም ጀርባዋ ላይ እሳቸው ስለነበሩ ነው። ሒሳብ ተምረው በውሃ መሥሪያ ቤት የጨረታ መዛኝ ሆኑ። ለዋጋው፣ ለጥራቱ፣ ለፍጥነቱ እንደየአስፈላጊነቱ ክብደት ይሰጣሉ፤ የተጫራቹን ነጥብ በክብደቱ አባዝተው ይደምሩና ማን አንደኛ፣ ማን ውራ እንደሆነ ያወጣሉ።

አንድ ጊዜ አለቃቸው ለይስሙላ ሦስተኛ ተጫራች አስገቡ። ነጥቡ የሚሰጠው እርስ በርስ በማነጻጸር ስለሆነ፣ እሱ ሲጨመር የፊተኞቹ ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። ሟች «ይሄ ሊያሸንፍ ሳይሆን ሊያዛባ የመጣ ነው» ብለው አልፈርምም አሉ፤ ከእድገትም ቀሩ።

አስተማሪ አግብተው ወንድና ሴት ልጅ ወለዱ። ያንን ተንኮል እንዲጠነቀቅ ብለው ወንዱን ልጃቸውን አስተማሩት። ምነው በቀረባቸው!

ባለቤታቸው ሞተው እሳቸውም እግራቸው ሲከዳቸው፣ ልጆቹ «አባታችን የት ይኑሩ?» ብለው ቤቶቹን በነጥብ አወዳደሩ። የልጅየው ቤት አንደኛ፣ የአረጋውያን ማቆያው ሁለተኛ ወጣ። ምራቲቱ ፊቷን አጠቆረች። ልጅየው ወዲያው ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሌላ ማቆያ ሦስተኛ አድርጎ ጨመረና የፊተኛው ማቆያ አንደኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ሴቷ ልጅም «ሒሳቡ ያለው ነው» ብላ ተስማማች። የአክስታቸው ቤት ከነጭራሹ አልተጻፈም። ኤዲያ፣ ተምሮ ሞቷል!

ሟች ወረቀቱን አይተው «ልጄ፣ ሦስተኛው ቤት የት ነው?» አሉት። ሰዓቱን አይቶ ወጣ።

እህታቸው ማቆያው ስትደርስ ኮሪደሩ ሽንት ሽንት ይላል፤ ወንድሟ የረጠበ አንሶላ ላይ ጀርባቸው ቆስሎ ተኝተዋል። በዚያው ቀን በታክሲ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው።

ሳንባቸውን ታመው ማክሰኞ ጠዋት በእሷ አልጋ ላይ ዐረፉ። ያችን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልተዉም። እህታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከማንም ጋር ሳያወዳድር ይቀበልልን።

ልጅየው ግን የአባቱን የሬሳ ሳጥን ከመንካቱ በፊት ይነሣና በለቀስተኛው ፊት ለአባቱ ይመልስ። ሦስተኛው ቤት የት ነው?