ጽዋውን ስጡኝ

ወረታ፣ ግንቦት 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙናዬ አያልነህ
አዲስ አበባ

የእናትሽ ምትክ፣ የዓይኔ ብርሃን ሙናዬ፤ አንቺ፣ ባልሽ እሱባለውና ትንሹ የኔነህ እንዴት ከረማችሁ? የእኔን ጤና ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚ ብዬ ይኸው ራሴ ብዕር አነሳሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አባባ፣ በሰኔ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ በሬዎቹን ይሽጧቸው፤ መሬቱንም ለእኩል አራሽ ይስጡት» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንባዬ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቴ መጣ። ልጄ፣ አልሄድም። ለምን እንደማልሄድ ሳትሰሚኝ ግን እንዳትቀየሚኝ።

አክስትሽ ገላነሽ የጻፈችልሽ ሐሰት አይደለም። በታኅሣሥ የጣቶቼ አንጓዎች አብጠው፣ ጠዋት ስነሳ እጄ እንደ ደረቀ ቆዳ አልታጠፍ አልዘረጋ ይለኝ ነበር። «የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አቃተው» ማለቷም እውነት ነው፤ ያኔ እውነት ነበር። በሚካኤል ማኅበራችን ላይ የደረሰብኝን ግን ከእኔ ስሚው።

ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። የወሩ ደጋሽ ሲጨርስ ተረኛው በቄሱ ፊት ቆሞ ጽዋውን በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ቤቱ ይወስደዋል፤ በወሩ ማኅበርተኛው እሱ ዘንድ ይሰበሰባል። በታኅሣሥ ተረኛው እኔ ነበርኩ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴያችን አያ እንግዳው፣ ጽዋውን ሲያቀብለኝ ጣቶቼ አልጨብጥ አሉ። አመለጠኝ። ጠላው በቄስ መንግሥቴ እግር ላይ ፈሰሰ፤ ሸክላው ተሰባበረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ፣ «ሚካኤል አልፈቀደም» ሲል ሰማሁ።

በማግሥቱ አያ እንግዳው ቤቴ ድረስ መጣ። «አያልነህ፣ ታመሃል፤ ጸሐይነሽም የለችም። ተራህን እንለፈውና አንተ መጥተህ ብቻ ብላ፣ ጠጣ» አለኝ። ከልቡ አዝኖልኝ ነው። ያዘነልሽን ሰው መቆጣት እንዴት እንደሚያስቸግር አልነግርሽም። እሺ አልኩት። እናትሽ ጸሐይነሽ በነበረችበት ዘመን ጽዋ አልፎት የማያውቅ ቤት በአንድ ቃል ታለፈ። ያን ዕለት የተሰማኝን የቀበርኳት ዕለት ብቻ ነው የማውቀው።

ከዚያ በኋላ ነው ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። በሽታው ብርድ አይደለም፣ የሰው ምቀኝነትም አይደለም አለኝ። የገዛ ሰውነቴ የገዛ መገጣጠሚያዬን እንደ ጠላት ቆጥሮ ተነስቶበት ነው። ጨርሶ አይነቀልም፤ ግን ይገታል። መድኃኒቱን ሰጠኝና ሕሙማንን ወደምታንቀሳቅስ ልጅ ላከኝ። ቤዛ ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ አፏ ግን ወፍራም። እጄን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣

«አባባ፣ ይህን እጅ ማነው ሥራ ያስፈታው?» አለችኝ።

«በሽታው ነዋ።»

«በሽታው አሳመመው። ሥራ ያስፈቱት እርስዎ ነዎት።»

ተነስቼ ልወጣ ነበር። ግን እውነቷን ነው። ገላነሽ «እጅህን አታንቀሳቅስ፣ ይብስብሃል» ስትለኝ ጋቢዬ ውስጥ ቀብሬው ነው የከረምኩት። ቤዛ ጠዋት ለብ ባለ ውኃ ነክሬ እንዳፍታታው፣ አውራ ጣቴን ከየጣቱ ጋር እንዳገናኝ፣ በእግሬ እንድሄድ አስተማረችኝ። ሲያብጥና ሲግል እንዳሳርፈው፤ ሲበርድ ግን እንዳላቀማጥለው ነገረችኝ። «ለስላሳ ነገር ይጭመቁ፤ ሊጥ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነው» አለች።

«ልጄ፣ እኔኮ ወንድ ነኝ።»

«ጣቶችዎ ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም።»

ምግቡንም ለወጠችብኝ። ጮማና ጨው ይቀንሱ፤ ከጣና የሚመጣውን ዓሣ፣ ጎመኑን፣ ሽምብራውን፣ ተልባውን ያብዙ፤ አረቄ ከመድኃኒቱ ጋር በአፍዎ እንዳይዞር አለችኝ። ገላነሽ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ቅቤ ትቶ ተልባ! ወንድሜን ሊገድሉብኝ ነው!» አለች። ለቁርጥማት ቅቤ አቅልጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ባረቄ ዘፍዝፎ ማጠጣት ነው የምታውቀው። እልህ ይዟት ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደችኝ። መቼም ፍል ውኃው ደግ ነው፣ አጥንት ያላላል። እኔ ግን ውኃው ውስጥ ጣቴን ስዘረጋ ስሰበስብ ከጎኔ የተነከሩ አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ ሰው፣ እዚህ ዓሣ የለም» አሉኝ።

ሊጡን መጀመሪያ ደፍሬ አልነካሁትም። ዋልካ አፈሩን በውኃ አርጥቤ ከቤት ኋላ ጭቃ እጨምቅ ጀመር። ጎረቤታችን ያየህ በአጥር በኩል አየኝ። «አያልነህ! ሸክላ መሥራት ጀመርክ? ለእኔም አንድ ጀበና ሥራልኛ!» ብሎ ጮኸ። ለገበያ ሁሉ አወራው። ተሸማቀቅሁ፤ ተቀምጬም አሰብኩ። ለካ የደበቅሁት እጄን አይደለም፣ ሰው ምን ይለኛል ማለቴን ነው። እንግዲያ መሳቃቸው ካልቀረ በሚበላ ነገር ይሳቁ አልኩና ማጀት ገብቼ ዱቄት አወጣሁ። የመጀመሪያዬን ዳቦ ውሻው አሽትቶት ሄደ። አላፈርኩም። በነጋታውም አቦካሁ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ይበላው ነበር። በጾሙ ወራት ለንስሐ አባቴ ለቄስ መንግሥቴ ነገርኳቸው። «አባቴ፣ ይህ ሕመም መስቀሌ ይሆን? በትዕግሥት ልቀበለው ሲገባኝ በትዕቢት እየታገልኩት ይሆን?» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «መስቀል ተሸክሞ መሄድ ነው። ተሸክሞ መተኛት ማን አለህ?» አሉኝ። ስወጣ ደግሞ ጠሩኝና፣ «ትዕቢቱንም ግን ጠርጥረው» አሉኝ። እስካሁን እጠረጥረዋለሁ። ጉልበቴ ባልታመመ ቀን እሰግዳለሁ፤ በታመመ ቀን ቆሜ አጎነብሳለሁ። የትኛው ለጸሎት፣ የትኛው ለጉልበቴ እንደሆነ እኔም አልለየሁት።

በሚያዝያ ሚካኤል በተሰበረው ምትክ የተገዛው ጽዋ ለያየህ ሊሰጥ ሲል ተነሳሁ።

«ጽዋውን ስጡኝ። ተራው የእኔ ነው» አልኩ።

አያ እንግዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተው አያልነህ፤ ማንም አይታዘብህም» አለ።

«እኔ ራሴን እታዘባለሁ።»

ሁሉም ቄሱን አዩ። ቄስ መንግሥቴ እግራቸውን ከፊቴ ሰብሰብ አደረጉና፣ «ስጡት» አሉ።

ቤዛ እንዳስተማረችኝ በጣቴ አልያዝኩትም። መዳፎቼን ከሥሩ ዘርግቼ ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። አመመኝ፣ ልጄ፤ አልዋሽሽም። ግን ያዝኩት። እስከ ቤቴ ድረስ ያየህ ከጎኔ ሆኖ ሕፃን ሊወድቅበት እንደፈራ ሰው እጁን ከሥር ዘርግቶ ተከተለኝ።

«እጅህን ሰብስብ!» አልኩት።

«ምን ቸገረህ? ለጠላው ነው እንጂ ለአንተ ማን አሰበ?»

ከትናንት ወዲያ ግንቦት ሚካኤል ነበር። ጠላውንና ወጡን ገላነሽ አሰናዳች። ጎሕ ሲቀድ ደርሳ፣ ከቡኮው ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ብታገኘኝ፣ «ውጣልኝ ከማጀት፣ ሰው ይመጣል!» አለች። «ይምጣ» አልኳት። ስንዴውን ከሩዝ ዱቄት ቀላቅዬ አሸሁት፤ ሲያመኝ አሳረፍኩት፤ መልሼ አሸሁት። በኮባ ጠቅልዬ ከታችም ከላይም እሳት ሰጠሁት። ቄሱ ጸልየው ቆረሱ። ቤቱ እንደ ታኅሣሡ ጸጥ አለ፤ አሁን ግን የሚሰማው ማኘክ ነው።

ያየህ ጉንጩን እንደሞላ፣ «ይህን ማን አቦካው?» አለ።

«እኔ።»

«እንግዲያ ሚስቴን ልላክልህ፤ አስተምርልኝ።»

ሚስቱ አማከለች ከወዲያ ሆና፣ «ምን ሲባል! የምልከው አንተን ነው! እጅህ ደህና ሆኖ ውኃ እንኳ ቀድተህ አታውቅም!» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ፣ ቄሱም ሳቁ። ማንም በእኔ አልሳቀም።

ጽዋውን ለተረኛው የሰጠሁት እኔው ነኝ። ተረኛው ያየህ ነበር። ያን ሁሉ ጠላ ጠጥቶ ሲቀበለኝ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም መዳፌን ከሥር ዘረጋሁለት። «ለጠላው ነው» አልኩት።

ስለዚህ ሙናዬ፣ በሬዎቹ አይሸጡም። ዝናቡ ጣል ጣል ብሏል፤ ሩዝ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል። የእርፉን እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ አወፍሬዋለሁ፤ እንዲያ ሲሆን ይጨበጥልኛል። ቀኑን ሙሉ አላርስም፤ ከያየህ ጋር በወንፈል፣ ተራ በተራ ልንተጋገዝ፣ ተስማምተናል። በሽታው ሄደ አላልኩሽም። አንዳንድ ሰሞን ይመጣል፤ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እጠብቀዋለሁ። ቤቴ ሲመጣ ግን ባለቤቱን ያገኛል። አዲስ አበባ አንቺ ዘንድ ብመጣ ትጦሪኛለሽ፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ገና ጽዋ አለብኝ።

በሰኔ ነይ። ልትወስጅኝ ሳይሆን ልትጠይቂኝ ነይ። የኔነህንም አምጪው፤ ማቡካት አስተምረዋለሁ።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርዳችሁ። ማጀትሽ አይጉደል፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ፤ የወለድሽው ለቁም ነገር ይብቃልሽ። የእናትሽ ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ትረፍ።

አባትሽ
አያልነህ

ልረሳው ነበር፤ ስትመጪ አንድ ሹራብ ግዥልኝ። በራስ የሚጠለቀውን፣ አንገቱ ሰፋ ያለውን፣ ቁልፍ የሌለውን። ክረምቱ እየመጣ ነው ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።