በኮንየርሱ ካርቶን መጭመቂያ ስለተከሰሰው ሰይጣን

ለክቡር ኢንጂነር ገሠሠ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥሪያ ቤታችን ባለቤትና የስደተኞች ማኅበራችን ሊቀ መንበር
ደንዉዲ፣ ኦክቶበር 1986

እጅግ የተከበሩ ጌታዬ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እንቅልፍዎ ሰላማዊ፣ ምግቡም የሚስማማዎ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ደስታው ጥርሴን ስላፋጨኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የማኅበራችን አባል ጥላዬ በኮንየርስ ከተማው መጋዘን፣ የእኛ ፕሮግራም በሚያዘው ካርቶን መጭመቂያ ቀኝ ክንዱን ካጣ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እርስዎም ሦስት ሽማግሌ ክላርክስተን ከተማ ቤቱ ድረስ ልከው፣ አደጋው የሰይጣን ሥራ ስለሆነ እንዳይከስ አስለምነውታል። ስለ ደግነትዎ እያመሰገንኩ፣ በሰይጣን ስም የሚከተለውን መልስ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰይጣን ፕሮግራም አይጽፍም። የፕሮግራሙን ክፍሎች የሚያገጣጥመው ሊንከር፣ ማሽኑን የሚያቆሙት ክፍሎች የተሰበሰቡበት ላይብረሪ የሚደገፍበት ሌላ ላይብረሪ ስለጠፋ አልገጥምም ብሎ ሲጮኽ፣ የጠፋውን ፈልጌ ላምጣ ብዬ ሁለት ቀን ለምኜዎት ነበር። እርስዎ ግን ደንበኛ እየጠበቀ ነው ብለው፣ ለኤግዚቢሽን ማሳያ የሠራነው ላይብረሪ ሊንከሩ ከሚፈልግበት ዝርዝር አናት ላይ እንዲቀመጥ አዘዙ። ሊንከር መጀመሪያ ያገኘውን እንደሚወስድ፣ በማሳያው ውስጥ ያለው «አቁም» የተባለው ክፍልም ቆሜያለሁ ብሎ ከመዋሸት በቀር ምንም እንደማይሠራ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሊንከሩ ጸጥ አለ። ለብልሃትዎ ምስጋና ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ጥላዬ ቀዩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጭኗል። ማሽኑ የመቆሚያውን መብራት አብርቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ጎተተው፣ አጥንቱን ሰባበረው፣ ከካርቶኑ ጋር ጨፍልቆም በሽቦ አሰረው። ያንን ሽቦ በከረባትዎ ፋንታ አንገትዎ ላይ አጥብቄ ዓይንዎ ሲፈጥ ማየት አምሮኝ ነበር፤ የተረፉት ጨዋ ቤተሰብ ስላሳደገኝ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት የራሴ ነው። ታላቄ ስለሆኑ፣ የሥራ ፈቃዴንም ስላስጨረሱልኝ፣ አንገቴን ደፍቼ እሺ ጌታዬ አልኩና ቅደም ተከተሉን በገዛ ጣቶቼ ቀየርኩት። ያን እሺ ዛሬ ከጉሮሮዬ በጉጠት ብነቅለው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መጭመቂያ ያንኑ ፕሮግራም ተሸክሞ ሰኞ ሥራ ይጀምራል ተብሏል፤ የተመደበችበትም የሁለት ልጆች እናት የሆነችው አበዛሽ ናት። ስለሆነም እያንዳንዱ ክፍል ከየትኛው ላይብረሪ እንደተወሰደ የሚያሳየውን የሊንከር ወረቀት ለመጋዘኑ ኃላፊ፣ ለጥላዬ ጠበቃና ለሽማግሌዎቹ አባዝቼ መስጠቴን፣ ስሜንም ከስምዎ ግርጌ መጻፌን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ከእንግዲህ በፊትዎ ቆሞ እሺ ለማለት የማይታደል፣ ለክብርዎ ሲል ቡጢውን ኪሱ ውስጥ የያዘ፣ ታዛዥዎ የነበረ
ዳኛቸው ኃይለማርያም

ማሳሰቢያ፦ ሽማግሌዎቹ ትናንት ተመልሰው፣ እሑድ በማኅበሩ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ጥላዬ እርስዎን ጨብጦ እርቁ እንዲፈጸም ጠይቀዋል። ሰው የሚጨበጠው በቀኝ እጅ ስለሆነ፣ ሆስፒታሉ የት እንዳደረገው አጣርተው ይዘውለት እንዲመጡ በአክብሮት እንለምናለን።