እባክዎ፣ ሁለተኛውን ፊልም ብርሃን አያሳዩብኝ

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሐረር

ለክቡር አቶ ኡራኤል፣
የጥንታዊ ዕቃዎች መመርመሪያና መሸኛ ዴስክ ኃላፊ፤
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በካዝናዎ ውስጥ ስላለችው ልጄ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በሥርዎ ያሉትን ባለሙያዎች ሁሉ ፈጣሪ በሙሉ ጤና ያቆይልኝ፤ በተለይም ዓይናችሁን ይጠብቅልኝ፤ ከዚህ በታች እንደማስረዳው በእናንተ ዓይን ምክንያት ብዙ ነገር ደርሶብኛልና። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ግን ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።

ጽጌ እንደሻው እባላለሁ። በዚሁ ከተማ ሠላሳ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ስሠራ፣ እንደ እርስዎ ላሉ የተከበሩ ኃላፊዎች «ጉዳዩን መርምረን መልስ እንሰጣለን» የሚለውን ቃል በታይፕ ስመታ ጣቶቼ አልቀዋል። ስለዚህ ሰው በአክብሮት እንዴት እንደሚጉላላና በትሕትና እንዴት እንደሚከለከል አይጠፋኝም፤ ስጽፈው የኖርኩት እኔው ነኝ። ይህን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁትም እርስዎን ለመድፈር ብዬ ሳይሆን፣ በመዝገብ ቤት በኩል ካስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች ሦስቱ እዚያው ተመችቷቸው ስለቀሩ ነው።

ነፍሱን ይማርና ባለቤቴ ኤልሳዕ ከግንቡ ውጭ በነበረችው አንዲት ክፍል ፎቶ ቤቱ የሐረርን ሰው ሲያነሳ የኖረ ሰው ነበር። ሙሽራውን፣ ተመራቂውን፣ ለመታወቂያ ብሎ ከድሬ ጠያራ የሚመጣውን ገበሬ ሁሉ ሲያነሳ፣ የራሱን ልጅ ግን ነገ ነገ እያለ ዮዲ፣ አንዲቷ ልጃችን፣ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ሞላት። በ1989 የጥምቀት ዕለት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሳለ፣ ከደንበኛ በተረፈ ፊልም ጫፍ ላይ አራት ጊዜ አነሳት። በመጋቢት ኩፍኝ ወሰደብን። ከዚያ ወዲያ ኤልሳዕ ያንን ፊልም ማጠብ አቃተው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ፊልም አጥቦ ማተም ማለት በጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ እንደተነከረ የሰው ፊት ቀስ እያለ ብቅ ሲል ማየት ነው፤ እሱም የልጄ ፊት ከውሃ ውስጥ ብቅ ሲል ቆሜ ማየት አልችልም አለ፤ እኔም አላስገደድኩትም። ትንሽ ሲቀለን፣ ትንሽ ሲቀለን እያልን ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። አምና እሱም ሞተ።

ዕቃውን ሳነሳ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ጥቅል ፊልም አገኘሁ። በሁለቱም ላይ በእጅ ጽሑፉ «89» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። ዮዲ ያለችው በአንደኛው ነው፤ በየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ፎቶ የላትም። ክቡር ሆይ፣ እናት እንዲህ ማለቷ ነውር ነው፤ ግን የመጣው ይምጣ፣ ልናገረው፤ የልጄ መልክ ጠፍቶብኛል። ቀሚሷን አስታውሳለሁ፣ ስታስል የነበረው ድምጿ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ፊቷን ግን ላመጣው ብል እምቢ ይለኛል።

እዚህ የሚያጥብልኝ ብፈልግ ያሉት ፎቶ ቤቶች ያንን መድኃኒት ካዩት ዘመን አልፏል፤ አዲስ አበባ ያስጠየቅኩትም ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። በጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው የአርባ ዓመት ወዳጄ ዋፊቃ ግን ጀርመን አገር የምትኖር ሀናን የምትባል ልጅ አለቻት፤ እሷ ባለችበት ከተማ እንዲህ ያለውን የቆየ ፊልም ተጠንቅቆ የሚያጥብ ቤት ተገኘ። ነገሩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ንቃታችሁ አመሰግናለሁ። ሀናን ለዕረፍት መጥታ በነሐሴ ስትመለስ ሁለቱን ፊልሞች ሰጠኋት። ያልታጠበ ፊልም በአየር ማረፊያ መፈተሻ ጨረር ውስጥ ካለፈ ሊጎዳ ይችላል ስለተባለች፣ ሻንጣውን ትታ ፊልሙን ብቻ በእጅ እንዲፈትሹላት ለመነች። ፈታሹም ደግ ሰው ኖሮ እሺ አላት፤ በእጁም ገለባበጠው፤ «89» የሚለውንም አነበበ፤ ከሐረር የሚወጣ የቆየ ዕቃ ሁሉ ከእናንተ ዴስክ መሸኛ ያስፈልገዋልና ይመለስ አለ። ዝም ብላ ከሻንጣዋ ጋር ብትሰደው ኖሮ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ልጇን ልትሸኝ ሄዳ የነበረችው ዋፊቃ ፊልሙን ይዛልኝ ስትመለስ፣ ሱብሃነላህ፣ አንቺ ጽጌ፣ ከአብሹ መሀል ሸጉጠን ብንልከው ምን ነበረበት ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ግን የመንግሥት እንጀራ በልቼ ያረጀሁ ሰው ነኝና ከሕግ ተደብቄ ልጄን አልልክም አልኩ። ይህንን ሞኝነቴን በመዝገብዎ ያስፍሩልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥያቄዎ ጥልቀት አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ልጠይቅ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው ምስል ቅርስ መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ መሸኛ መስጠት እንደማይቻል አስረዱኝ፤ ስለዚህ የታተመውን ፎቶ አንድ ቅጂ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። እንዲታተም መታጠብ አለበት፣ እንዲታጠብ ከአገር መውጣት አለበት ብዬ ሳስረዳ፣ እሱን እንግዲህ እርስዎ ይጨርሱ አሉኝ። ሳይታይ አይወጣም፣ ሳይወጣ አይታይም። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ ያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መመሪያ ኖሯል።

ሦስተኛ፤ ስለ ባለሙያችሁ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ለእኔ አዝነው፣ ፎቶው ባይኖር እንኳ ፊልሙን ባለሙያችን አይተው ይወስኑልን ብለው ወደ አቶ ሄኖክ መሩኝ። አቶ ሄኖክ በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ላይ ወደር የሌላቸው ባለሙያ መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ይመሰክራል፤ እኔም እመሰክራለሁ። ፊልሞቹን ያስረከብኩበት ፖስታ ላይ በትልልቁ «ብርሃን እንዳይነካው» ብዬ ጽፌ፣ ከስሩም አስምሬበት ነበር። እሳቸውም አንብበውታል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ አንደኛውን ጥቅል በምላጭ ከፍተው፣ ፊልሙን እስከ ጫፉ ስበው አውጥተው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ፀሐይ ጋር በመስኮቱ አጠገብ አይተውታል። የእጅ አሻራ እንኳ አላሳረፉበትም። ብርሃኑንስ ብላቸው፣ አስታውሼዋለሁ እሜቴ፣ ብራናም እኮ ብርሃን ሲበዛበት ይጎዳል፣ ለዚህ ብዬ ነው ከአምስት ደቂቃ በላይ ያላቆየሁት አሉኝ። በቅንነት ነው ያሉኝ፤ ሻይ ልዘዝልዎ ወይ ብለውም ጠይቀውኛል። ያልታጠበ ፊልም አምስት ደቂቃ ይቅርና ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ፀሐይ ካየ አበቃለት፤ በላዩ የነበረው ሰው ሁሉ ይጠፋል። ይህን ስነግራቸው ሰውየው ፊታቸው አመድ መሰለ። ልሰድባቸው ፈልጌ አልቻልኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አራተኛ፤ ስለ ማስረጃው አመሰግናለሁ። ለተከፈተው ፊልም በሦስተኛው ቀን ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። «የቅጠል ብዛት፦ አንድ። ርዝመት፦ አንድ ሜትር ከስድሳ። ጽሑፍ፦ የለም። ሥዕል፦ የለም። ምንም የሌለበት መሆኑ በባለሙያ ስለተረጋገጠ ከአገር ቢወጣ ተቃውሞ የለንም» ይላል። እግዜር ይስጥልኝ፤ ያ ፊልም አሁን ወደፈለገበት አገር የመሄድ ሙሉ መብት አለው። ዮዲ በዚያ ውስጥ ከነበረች ለእሷም የመሄጃ ፈቃድ ተሰጥቷታል ማለት ነው፤ የምትሄድ ልጅ ግን የለችም። ወረቀቱን ልቀደው እያልኩ አነሳውና መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለካ ለእኔ ነው።

አምስተኛውና ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ፤ ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። በአንደኛው ፊልም ላይ ስለደረሰው ባመለከትኩ ጊዜ መልስ አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። «ምስሉ ሳይታይ የቀረው በብርሃን ማነስ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለተኛው ፊልም የፊታችን ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን፣ ለዚሁ ሲባል በተገዛ ከፍተኛ ኃይል ባለው መብራት በኮሚቴ ይመረመራል፤ እስከዚያው ለደኅንነቱ በኃላፊው ካዝና ተቆልፎበታል» ይላል። ከድጡ ወደ ማጡ! ክቡር ሆይ፣ ይህንን መልስ ቆሜ አነበብኩት፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ዋፊቃ ዘንድ ወስጄም ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እሷም ያ ረቢ ብላ ራሷን ያዘች። በጨለማ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት የቆየችን ልጅ አቶ ሄኖክ በፀሐይ አላገኟትም ብላችሁ በመብራት ልትፈልጓት ነው። አቶ ሄኖክ ራሳቸው ይህ እንደማይሆን በጽሑፍ አሳስበው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእሳቸውም ማሳሰቢያ ከእኔ ማመልከቻዎች ጋር አብሮ መሆኑን በማወቄ ተጽናንቻለሁ።

አሁን ሽሙጡ ይብቃኝ፤ ልመናዬን ልናገር። ዋፊቃ ልትወልድ የተቃረበችውን ልጇን ሀናንን ልታርስ ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን ትሄዳለች። ከእሷ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ የማውቀው ሰው የለኝም፤ ፊልሙም በየቀኑ እየደበዘዘ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ቀን አይሰጠኝም። ዮዲ በተከፈተው ፊልም ውስጥ ኖራ እንደሆነ ልጄን ሁለተኛ ቀብሬአታለሁ፤ ካልነበረችበት ግን በእርስዎ ካዝና ውስጥ አለች፤ ከእኔ ቤት እስከ እርስዎ ቢሮ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። የምለምንዎ ማክሰኞን እንዲሰርዙልኝና ያልተከፈተውን ፊልም እንዳልተከፈተ እንዲሰጡኝ ብቻ ነው። መሸኛው የግድ ምክንያት የሚፈልግ ከሆነ፣ ለአንደኛው የጻፋችሁትን ለሁለተኛውም ጻፉለት፤ ምንም የለበትም በሉ። በምስክር ፊት እኔ እናቷ እፈርማለሁ፤ ልጄ በዚህ ውስጥ የለችም፣ ፎቶ ተነስታም አታውቅም፣ ከተፈለገም አልወለድኳትም ብዬ እፈርማለሁ። ሳልዋሽ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ይህን አንድ ውሸት ፈጣሪ ይቅር ይለኛል።

ለእርስዎ ወንበር ጽናትን፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለምን፣ ለካዝናዎ ቁልፍም ማክሰኞ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ መጥፋትን እየተመኘሁ፣ ደጅዎን በመጥናት የማልደክም፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ ነኝ።

ጽጌ እንደሻው
የኤልሳዕ ባለቤት፣ የዮዲ እናት

ግልባጭ፦
ለአቶ ሄኖክ፣ ከይቅርታ ጋር፤
ለወይዘሮ ዋፊቃ፣ ሻንጣዋን ቶሎ እንዳትዘጋ፤
ለሚመለከተው ሁሉ፣ አይመለከተኝም ለሚለውም።

ድኅረ ጽሑፍ፤ ምርመራው የግድ ከሆነ ኮሚቴውን ባዶ እጄን እንዳላስቸግር ብዬ የባለቤቴን ጥቁር ከረጢት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። ፎቶ አንሺዎች እጃቸውን በሁለቱ እጅጌዎች አስገብተው ፊልሙን ሳያዩት የሚነካኩበት ነው፤ ብርሃን የሚባል ነገር አይገባውም። የኮሚቴው አባላት በየተራ እጃቸውን እየሰደዱ የፈለጉትን ያህል ይመርምሩት። የምታገኙት ውጤት በፀሐይ ካገኛችሁት አንዲት ነጥብ አይለይም፤ ምንም አታዩም። ልዩነቱ፣ እናንተ አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እኔም ማየት መቻሌ ብቻ ነው።