ለውሃ ያልተነገረ ህልም

ለምወድህ ወንድሜ ለሊንኮያን፣

በዚያ በሳንቲያጎ ዳቦ ቤት ሙቀት እንዴት ከርመሃል? እኛ ሰዉም ከብቱም ደህና ነን። ድንቹ ወጥቷል፤ ነጯ በግም መንታ ወልዳለች።

ወንዛችን ግን ደረቀ። ጎረቤታችን ማሪፓን፣ «የጣውላ ኩባንያው ባሕር ዛፍ ሳይጋብዙት ጠጥቶ ጨረሰው!» እያለ ይራገማል። ሰኞ እማዬ ገና ሳይነጋ ተነስታ፣ ማንንም ሳታናግር ወደ ወንዙ ወረደች። መቼ እንደምትወርድ ታውቃለህ፤ ክፉ ህልም ለሰው ሳይሆን ለወራጅ ውሃ ነው የሚነገረው። ደረቁ ድንጋይ ላይ ቆማ ቆማ፣ ከንፈሯን እንደገጠመች ተመለሰች።

«ምን አየሽ እማዬ?» አልኳት።

«አርፈሽ ሱፍሽን ፍተዪ!»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ህልም መነጋገር ቀርቷል። ስለ አንተ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያ ልጅ አሁንም እሳቱ ጋ ነው የሚሠራው?»

ነገ በበሬ ጋሪ ወደ ትልቁ ወንዝ እወስዳታለሁ። ዛሬ ማታ አውቶቡስ የሚሳፈረው የአጎታችን ልጅ ይህን ደብዳቤ ማለዳ ያደርስልሃል። እንደደረሰህ አሞኛል በልና ከሥራ ቅር። ለምንም አይደለም፤ ትንሽ እንድታርፍ ብዬ ነው።

እኔ ጉንጭህን እስማለሁ። የእማዬን ሰላምታ ግን ህልሟን ለወንዙ ነግራ ስንመለስ እልክልሃለሁ።

እህትህ ኪንቱራይ