ሰማንያ አራት ሺህ ቤት ገልብጦ አርባ ሦስት ስም ማውጣት

…ክሩ ቀይ ነበር መሰለኝ፤ ወይም ቀይ የነበረ። የደብራችን መሪጌታ መርስዔ ኃዘን የብራናውን መጽሐፍ ጠርዝ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ክሩን ሲያገኙት የዕለቱ ምንባብ ከዚያው ይከፈትላቸዋል፤ ሌላውን ቅጠል አይነኩትም… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ።

ለተከበሩ ጓድ በዕውቀቱ፣ የዘር ዕደላ መረጃ ክፍል ኃላፊ፦

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የኮምፒዩተሩስ ጤና? በዚያ በሚቀዘቅዘው ክፍል ብርድ እንዳይመታችሁ እኛ በጊሼ ውርጭ ላይ ሆነን እንሰጋለን።

እኔ በራቤል የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በየካቲት፣ የበልጉ ዝናብ እንደ ጀመረ፣ የዘር ገብስ የጫነው መኪና ያለ ስም ዝርዝር አላራግፍም ብሎ ስለ ቆመ፣ ዝርዝሩን ላመጣ ወደ ክፍልዎ ተላክሁ። ላየሁት ሁሉ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እነሆ።

፩ኛ፦ የቀበሌያችንን አርባ ሦስት አባወራዎች ለማግኘት መሣሪያዎ የአውራጃውን ሰማንያ አራት ሺህ ቤት በሙሉ ወደ ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ሲገለብጥ፣ ሲደረድር፣ አርባ ሦስቱን አትሞ ሰንጠረዡን ሲደመስስ በአክብሮት ቆሜ ተመልክቻለሁ። ለሚቀጥለው ቀበሌ ደግሞ ሰማንያ አራት ሺሁን እንደ አዲስ። የወረዳችን አሥራ ሰባት ቀበሌ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ። የማዳበሪያ ክፍሉም የራሱን ጊዜያዊ ሰንጠረዥ በዚያው ሰዓት ሲገለብጥ ዲስኩ ሞላና ሁለቱም ቆሙ። አራት ቀን። በራቤል ይዘንብ ነበር።

፪ኛ፦ ስለ መሪጌታ ክር ለኮምፒዩተር ሠራተኛዋ ለአመተሥላሴ ነገርኳት። «ጓድ ጸሐፊ፣ በቀበሌ ስም ማውጫ ይሠራለት፣ በቀጥታ ያገኘዋል ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። መመሪያው ገልብጪ ነው የሚለው። ክር ካለዎት ያምጡልኝ» አለችኝ። ሳቅን።

፫ኛ፦ ከአርባ ሦስቱ አባወራዎች አንዱ፣ የጌታነሽ ባል ወዳጆ፣ በታኅሣሥ ስለ ሞተ፣ ቤቱ በስሟ እንዲዛወር የተጻፈውን ወረቀት ይዤ ሄጄ ነበር። ዓይኔ እያየ በዋናው ሰንጠረዥ ተመዘገበ። የእኛ ቀበሌ ቅጂ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ተገልብጦ ኖሯል፤ ከዚያው ታተመ። ዋናው ሰንጠረዥ መበለት መሆኗን ያውቃል፤ ጊዜያዊው ባሏን ከመቃብር አስነሥቶታል። ስለ ትንሣኤው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደገና ለመገልበጥ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ውይይት ክበብ ነበሩ።

አርባ ሁለቱ ዘግይተው ዘሩ። የእሷ ድርሻ ስሟ ከዝርዝሩ ስለሌለ ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ። ዝርዝሩን በሕዝብ ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። የሟቹን ስም ስጠራ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ዝቅ ማድረጌ ምን ጠቀማት?

ዝናቡ መመሪያዎን እንዲጠብቅ እየተመኘሁ፣ ለማይታክተው ገልባጭዎም እጅ እየነሳሁ፣

ታዛዥዎ ኪዳነ ወልድ
ራቤል፣ መጋቢት ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ጌታነሽ ላቀረበችው አቤቱታ የሰጡት መልስ ዛሬ ጠዋት ደርሶኛል፤ ድርሻው የሚለቀቀው ወዳጆ ራሱ ቀርቦ ሲፈርም ነው ይላል። ለጌታነሽ አነበብኩላት። «እንግዲህ ሄጄ ልጥራው?» አለችኝ። ተነሥታ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።