ማኅተም የሸፈነው ናይትሮጅን

ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ ቀጠና የፈጠራ መብት ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጭሮ

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ የኬሚካል መዋቅር ፍለጋ ውድቅ የተደረገው ማመልከቻዬ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

«ያቀረቡት ውሕድ መዋቅር በፓተንት መረጃ ቋት ተፈልጎ ቀደም ሲል በውጭ አገር ከተመዘገበ ውሕድ ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ አዲስነት የለውም። ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል።»

ይህ ሚያዝያ 13 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ከተጻፈልኝ ደብዳቤ ቃል በቃል የተወሰደ ነው። እኔ አመልካቹ በጭሮ ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

1. ውሕዱ የቡና ፍሬ የሚበሳ ጥንዚዛን ያባርራል። ያጣራሁት ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉን ያሳዩኝ የመቻራዋ ቡና አምራች ወ/ሮ ሳህሊቱ ሲሆኑ፣ በማመልከቻው ላይ ስማቸው ከስሜ ጎን ሰፍሯል።

2. ሰነዱን ሳስገባ የመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ ዘርፈሽዋል እንደ ልማዳችሁ በየገጹ የገቢ ማኅተም መቱ። የውሕዱ መዋቅር የተሣለበትን ሥዕል እንዲተዉት ብለምናቸው «ባዶው ላይ ነው የምመታው፣ አይጨነቁ» አሉኝ። ባዶ ያሉት በሥዕሉ ላይ አተሞቹ የሠሩትን ቀለበት መሐል ነበር። ማኅተሙ ከመሐሉ አልፎ ናይትሮጅን የሚለውን ምልክት ሸፈነው።

3. በእንዲህ ያለ ሥዕል ምልክት የሌለበት ማዕዘን ካርቦን ነው። መርማሪው አቶ ኢያኤል በማኅተሙ ሥር ያለውን ሳያጣሩ ካርቦን ብለው ሣሉ፤ የሣሉትን ፈለጉ፤ አገኙም። ያገኙት የሳሙና ሽቶ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ አሥራ ሦስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ብዬ ጽፌ ነበር። የእሳቸው ሽቶ አሥራ አራት ካርቦን አለው፣ ናይትሮጅን የለውም። መቁጠር ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ትክክለኛውን መዋቅር ስዬ በዚያው ቋት ብፈልግ አንድም ተመሳሳይ አልወጣም፤ ውጤቱ ተያይዟል።

4. ይህንኑ ላስረዳ ስሄድ አቶ ኢያኤል በባለጉዳዮች ፊት «ኦቦ በክሪ፣ ሰባት ዓመት የቀቀሉትን ቅጠል ኮምፒውተሩ በሦስት ደቂቃ ጨረሰልዎት እኮ!» ብለው አሳቁብኝ። ተማሪዬ ነበሩ። የጎደላቸውን ነጥብ ሞልቼ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ጥፋቴ ጽሕፈት ቤቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

5. ደብዳቤያችሁ ለወ/ሮ ሳህሊቱም ደርሷል። ደውለው «መምህር፣ የሰረቁትን ነው እንዴ በስሜ ያስፈረሙኝ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሱም።

6. ውሕዱን መቻራ ላይ በአደባባይ ያሳየሁት አምና ግንቦት 14 ቀን ነው። ሕጉ የሚፈቅደው አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ እንደ አዲስ ባመለክት በአደባባይ ማሳየቴ ራሱ አዲስነቱን ያፈርሰዋል። እናንተ የምታዘገዩት እያንዳንዱ ቀን የሚቆረጠው ከዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ፍለጋው ማኅተም ካላረፈበት ቅጂ፣ እኔ በተገኘሁበት፣ በሌላ መርማሪ እንዲደገም፤ ውሳኔው እንዲሻር፤ ስህተቱ የጽሕፈት ቤቱ እንጂ የእኔ አለመሆኑም ለወ/ሮ ሳህሊቱ በስማቸው እንዲጻፍላቸው አመለክታለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም። እስከ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ለወንበርዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

በክሪ አብዱላሂ
(ፊርማ)